ቀን ያልተቆረጠለት ዙፋን፦ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሕይወትና የሥልጣን ዘመን ገደብ

በየመኗ ኤደን፣ ሸይኽ ዑስማን ውስጥ ሀሽሚ የሚባል ሰፈር አለ። ለትርጉም ሥራ ወደዚያ በሄድኩበት ጊዜ፣ አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሐበሻ ሴቶች እቁብ ወደሚጥሉበት ቤት ተጋበዝኩ። ሳምንቱን በሰው ቤት ሲሠሩ የሚሰነብቱ ሴቶች ናቸው። ዓርብ እረፍት ያገኘችው ትመጣለች፤ ያላገኘችው ድርሻዋን በጓደኛዋ ትልካለች። ቡና ተፈልቷል። ግድግዳው ላይ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ፎቶ ተሰቅሏል። ከፎቶው ሥር ሁሉም እማማ የሚሏቸው ሰብሳቢ የእቁቡን ደብተር ይዘው ተቀምጠዋል።

እማማ እቁቡን ለብዙ ዙር ሰብስበዋል። ገንዘብ ጎድሎባቸው አያውቅም። አሁን ግን ዓይናቸው ደክሟል። ባለፈው ዙር የአንዲትን ልጅ ክፍያ በሌላዋ ስም ጽፈው፣ ልጅቷ የከፈለችውን ድጋሚ እንድትከፍል ተጠይቃ ነበር። ሁሉም ያውቃሉ፤ ማንም አይናገርም። እኚህን ሴት አርጅተዋል ብሎ ደብተሩን ከእጃቸው የሚቀበል ማን ነው? ለልጅቷ ግን ያ ገንዘብ የአንድ ወር ላብ ነው።

በቡናው መሃል አንደኛዋ ቀስ ብላ ጠየቀችኝ። በትልልቆቹ ወንበሮች ላይ የሚቀመጡ ሰዎች በስንት ዓመታቸው ይወርዳሉ? ሕጉ ምን ይላል? ስትል አንገቷን አቀርቅራ ነበር፤ ከእማማ ጋር ዓይን ለዓይን እንዳትገናኝ። እኔም ወደ ፎቶው አመለከትኩና የኚያን ሰው ታሪክ ነገርኳቸው። ለእናንተም የምጽፈው ያንኑ ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት፣ ለይቼ ካልጠቀስኩ በስተቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከኤጀርሳ ጎሮ እስከ ኤደን

ተፈሪ መኮንን የተወለዱት በ1892፣ በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 16 ቀን 1884፣ ከሐረር ብዙም በማትርቀው ኤጀርሳ ጎሮ ነው። አባታቸው በዐድዋ የዘመቱት የሐረር ገዥ ራስ መኮንን፣ እናታቸው ወይዘሮ የሺእመቤት አሊ ነበሩ። እናታቸውን ገና ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው አጡ። አባታቸው ሲሞቱ ደግሞ የ13 ዓመት ልጅ ነበሩ። በዚያው በልጅነታቸው የደጃዝማችነት ማዕረግ ተሰጥቷቸው ነበር። ሥልጣን ወደ እሳቸው የመጣው እንዲህ በማለዳ ነው።

አጼ ምኒልክ ከሞቱ በኋላ በልጅ ኢያሱ ላይ የተነሡት መኳንንት በ1916 ኢያሱን ከሥልጣን አወረዱ። ንግሥት ዘውዲቱ ነገሡ፤ ተፈሪ ራስ፣ አልጋ ወራሽና እንደራሴ ተባሉ። ዕድሜያቸው 24 ዓመት ነበር። የዛሬ አንባቢ ይህንን ቁጥር ያስተውለው። ያኔ በዕድሜ የገፉት መኳንንት ልጅ ነው ብለው ይንቋቸው ነበር፤ እሳቸው ግን አገሪቱ አዲስ ነገር እንደሚያስፈልጋት ከብዙዎቹ ቀድመው ያዩ ሰው ነበሩ። ኢትዮጵያን በ1923 የመንግሥታት ማኅበር አባል አደረጉ። በ1925 በስማቸው የተጠራውን ትምህርት ቤት አዲስ አበባ ላይ ከፈቱ።

ኤደንንም ያዩት በዚያ የወጣትነት ዘመናቸው ነው። ከተማዋ በእንግሊዞች እጅ ነበረች። ራስ ተፈሪ በ1920ዎቹ መጀመሪያ ወደዚያ ተሻግረው የእንግሊዝ አየር ኃይል አውሮፕላኖች የሚያሳዩትን ትርኢት ተመለከቱ። አይተው ብቻ አልተመለሱም። እኔም ልውጣ ብለው ጠየቁና ተሳፍረው ከኤደን በላይ በረሩ። የሠላሳ ዓመት ገደማ ሰው፣ የአገር እንደራሴ ሆኖ፣ በዚያ ዘመን ማሽን ወደ ሰማይ መውጣት ቀላል ድፍረት አይደለም። በኋላ አገራቸው አየር ኃይል አቋቋመች። ዛሬ ብዙዎቻችሁን ወደዚህ ያደረሰው የኢትዮጵያ አየር መንገድም በእሳቸው ዘመን ተመሥርቶ በ1946 የመጀመሪያ በረራውን ወደ ካይሮ አድርጓል።

ለምክር ቤቱ አራት ዓመት፣ ለዙፋኑ ዕድሜ ልክ

ንግሥት ዘውዲቱ በ1930 ሲያርፉ ተፈሪ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው በ38 ዓመታቸው ዘውድ ጫኑ። በሚቀጥለው ዓመት ለአገሪቱ የመጀመሪያውን የተጻፈ ሕገ መንግሥት ሰጡ። ሁለት ምክር ቤቶች ተቋቋሙ፤ የሕግ መወሰኛና የሕግ መምሪያ። አባላቱን ግን ሕዝብ አልመረጣቸውም። የሕግ መወሰኛውን ንጉሡ ይሾማሉ፣ የሕግ መምሪያውን መኳንንቱና የአገር ሹማምንት ይመርጣሉ። ዙፋኑም ከእሳቸው የዘር ሐረግ እንዳይወጣ በዚያው ሕግ ተጻፈ።

ከዚያ የጣሊያን ወረራ መጣ። ንጉሠ ነገሥቱ በ1936 ተሰደዱ፣ በጄኔቫ ለመንግሥታት ማኅበር አቤት አሉ፣ በእንግሊዟ ባዝ ከተማ የስደት ዓመታትን አሳለፉ። ስደት ምን እንደሆነ ያውቁ ነበር። አርበኞች በአገር ውስጥ ሲዋጉ ቆይተው፣ በሜይ 5 ቀን 1941 አዲስ አበባ ተመልሰው ገቡ። በ1942 ባርነትን የሚከለክል አዋጅ አወጡ። እስከዚህ ድረስ ያለውን ብቻ ብናይ ሕይወታቸው በድል የሞላ ነው።

ለጉዳያችን የሚሆነው ታሪክ በ1945 መጀመሪያ በግብፅ የሆነው ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በታላቁ መራራ ሐይቅ ላይ በቆመ የጦር መርከብ ውስጥ ከአሜሪካው ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ጋር ተገናኙ። የሳዑዲው ንጉሥ አብዱልአዚዝም በዚያው መርከብ ላይ በማግሥቱ ተገናኝተዋቸዋል። ሩዝቬልት አራት ጊዜ ተከታትለው የተመረጡ ብቸኛው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ናቸው። በዚያን ጊዜ በጽኑ ታመው ነበር። ከሁለት ወር በኋላ በሥልጣን ላይ እንዳሉ ሞቱ። ሕዝቡ የወደዳቸው መሪ ነበሩ፤ ቢሆንም አሜሪካኖች ነገሩን ዝም ብለው አላለፉትም። በ1951 አንድ ሰው ለፕሬዚዳንትነት ከሁለት ጊዜ በላይ እንዳይመረጥ በሕገ መንግሥታቸው ላይ ማሻሻያ ጨመሩ። መጥፎ መሪ አይተው ሳይሆን፣ ጥሩ መሪ ወንበሩ ላይ እንዳሉ ሲሞቱ አይተው የጻፉት ሕግ ነው።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1955፣ ንጉሠ ነገሥቱ የነገሡበት 25ኛ ዓመት ሲከበር የተሻሻለ ሕገ መንግሥት አወጡ። በዚህ ሕግ የሕግ መምሪያው አባላት በሕዝብ ድምፅ እንዲመረጡ ተወሰነ። ሴቶችም የመምረጥ መብት አገኙ። ከ21 ዓመት ጀምሮ ድምፅ መስጠት ይቻላል። ተመራጭ ለመሆን 25 ዓመት መሙላት ግድ ነው፤ የተወሰነ ንብረትም ያስፈልጋል። የተመራጩ ዘመን አራት ዓመት ነው፤ ሲያልቅ ወደ ሕዝቡ ተመልሶ እንደገና ድምፅ ይለምናል። ንጉሡ የሚሾሟቸው የሕግ መወሰኛ አባላት ዕድሜ ቢያንስ 35፣ ዘመናቸው ስድስት ዓመት ነው። በ1957 በተደረገው የመጀመሪያ ምርጫ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ተመርጠው ምክር ቤት የገቡ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ሆኑ።

እንግዲህ እዚህ ላይ ቆም እንበል። በዚያ ሕግ ለእያንዳንዱ ወንበር የዕድሜ ወለልና የዘመን ልክ ተበጅቶለታል። ለንጉሠ ነገሥቱ ግን ሥልጣናቸው የማይደፈር እንደሆነ ተጻፈ። ወራሹ ልጅ ቢሆን ወይም ንጉሡ በጽኑ ቢታመሙ ሞግዚት እንዲኖር ታስቦበት ነበር። ሳይታመሙ ቀስ በቀስ ለሚመጣ እርጅና ግን የተቆረጠ ቀን አልነበረም። ንጉሥ በምርጫ እንደማይመጣ የታወቀ ነው፤ ክርክሩ እሱ አይደለም። ችግሩ ተመርጠው በየአራት ዓመቱ የሚቀያየሩት ሰዎች ጠቅላይ ሚኒስትር የመሾምም ሆነ የመሻር ሥልጣን ያልነበራቸው መሆኑ ነው። የሥልጣን ዘመን ገደቡ የተጻፈው ሥልጣን በሌለበት ወንበር ላይ ነበር።

እናንተ ይህንን ከማንም በላይ ታውቁታላችሁ። ከአገር ስትወጡ ውላችሁ ላይ የሁለት ዓመት ቀን ተጽፏል። ለመሄድ ዕድሜያችሁ 18 መሙላት አለበት። የሠራተኛዋ መጀመሪያና መጨረሻ በወረቀት ላይ ተቆርጧል። ትንሹ ሰው ቀን ሲቆረጥለት ትልቁ ሰው ለምን ሳይቆረጥለት ይቀራል የሚለው ጥያቄ፣ በሀሽሚው ቤት ውስጥ ብዙ ራስ ያስነቀነቀው ለዚህ ነው።

ያለፉ ሦስት በሮች

ንጉሠ ነገሥቱ በክብር የሚወጡበት በር አልተዘጋባቸውም ነበር። ቢያንስ ሦስት ጊዜ ተከፍቶላቸዋል።

የመጀመሪያው ያ የ1955 በዓል ነው። የ63 ዓመት ሰው ነበሩ። አልጋ ወራሹ አስፋ ወሰን ወደ አርባ እየተጠጉ ነበር። ሕገ መንግሥቱን ሲያሻሽሉ ሥራ አስፈጻሚውን በምርጫ ለመጣ ምክር ቤት ተጠሪ አድርገው እሳቸው በክብር መቀመጥ ይችሉ ነበር። አላደረጉትም።

ሁለተኛው በር በኃይል የተንኳኳ ነበር። በዲሴምበር 1960 ለጉብኝት ብራዚል እያሉ፣ የክብር ዘበኛው አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ነዋይና ወንድማቸው ገርማሜ ነዋይ መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ። ንጉሠ ነገሥቱ ተመለሱ፤ ሙከራው በጥቂት ቀናት ከሸፈ፤ ብዙ ደም ፈሰሰ። የተማሩት ሰዎች ለውጥ መፈለጋቸው ግን ታወቀ። መልሱ ለውጡን ማፋጠን ሊሆን ይችል ነበር። በ1961 ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት አክሊሉ ሀብተ ወልድ ግን እስከ 1974 በዚያው ወንበር ቆዩ፤ ከላይ የማይነቃነቅ ነገር ካለ ከታች ያለውም አይነቃነቅም።

እዚህ ላይ ለሰውዬው ፍትሕ ማድረግ ይገባል። በ1963 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት አዲስ አበባ ላይ ሲመሠረት የ70 ዓመት ሽማግሌ ነበሩ፤ አብዛኞቹ የአፍሪካ መሪዎች በዕድሜ ልጆቻቸው ይሆናሉ። የተጣሉትን አስታርቀው አንድ ሰነድ ላይ ካስፈረሙት ዋነኞቹ ነበሩ። በዚያ ቀን ዕድሜ ሸክም አልነበረም፤ ሞገስ ነበር።

ሦስተኛው በር በጁላይ 1972፣ 80 ዓመት ሲሞላቸው ተከፈተ። በዚያ ልደት ላይ ሥልጣን ያስረክባሉ ብለው የጠበቁ ብዙዎች ነበሩ። በዓሉ ተከበረ፣ ርክክቡ አልመጣም። በ1973 መጀመሪያ አልጋ ወራሹ በድንገተኛ ሕመም ወድቀው ለሕክምና ወደ ውጭ ተወሰዱ። ከአርባ ዓመት በላይ አልጋ ወራሽ ተብለው የጠበቁት ሰው፣ ተራቸው ሳይደርስ ጤናቸውን አጡ። አባትየው በሰማንያ ዓመታቸው ወራሽ ማን እንደሆነ በውል የማይታወቅበት አገር ይዘው ቀሩ።

በዚያው ጊዜ ወሎ በረሃብ እያለቀ ነበር። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ሞተ። ቤተ መንግሥቱ የሰማው ዘግይቶ ነው፣ ወይም የሰማውን እንዳልሰማ አልፎታል። ዓለም ሥዕሉን በ1973 መጨረሻ በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ሲያይ፣ የረሃቡ ዜና የመንግሥቱ መጨረሻ መጀመሪያ ሆነ። ለረሃቡ አንድ ምክንያት ብቻ መስጠት አይቻልም፤ ድርቅ ነበር፣ የመሬት ሥርዓቱ ነበር፣ የሹማምንቱ ቸልተኝነት ነበር። ረጅም ዘመን በአንድ ሰው ዙሪያ የተቀመጡ ሹማምንት ግን ክፉ ወሬ ለማድረስ ድፍረት ያጣሉ። የእማማን ስሕተት ሁሉም አውቀው ዝም እንዳሉት ማለት ነው።

በ1974 መጀመሪያ ወታደሮች አመጹ፤ መምህራን፣ ተማሪዎችና ባለታክሲዎች ተከተሉ። የአክሊሉ ካቢኔ በፌብሩዋሪ መጨረሻ ሥልጣን ለቀቀ። ጠቅላይ ሚኒስትሩን ለምክር ቤቱ ተጠሪ የሚያደርግ አዲስ ሕገ መንግሥት መረቀቅ የጀመረው አሁን ነው። በ1955 ቢሆን ኖሮ የሚያስመሰግን ነበር፤ በ1974 ግን የሚያነበው አልተገኘም። ደርግ መስከረም 2 ቀን 1967፣ በእኛ አቆጣጠር፣ መኮንኖች ልኮ የመውረጃ አዋጁን አነበበላቸው። የ82 ዓመቱን ንጉሠ ነገሥት በአንዲት ቮልስዋገን አሳፍረው ወሰዷቸው። ከሁለት ወር በኋላ ወደ ስድሳ የሚጠጉ ባለ ሥልጣናት ያለ ፍርድ ተረሸኑ። ንጉሠ ነገሥቱም በዓመቱ በእስር እንዳሉ ሞቱ። አስከሬናቸው በክብር በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ያረፈው በ2000፣ ከሞቱ ከ25 ዓመት በኋላ ነው። የመጣባቸው መንግሥት ደግሞ ከእሳቸው ዘመን ይልቅ ብዙ ደም ያፈሰሰ ሆነ።

ዕድሜ ወይስ ዘመን?

ከዚህ ሕይወት የምንማረው ሽማግሌ አይምራ የሚል አይደለም። የዕድሜ ጣሪያ 65 ቢሆን ኖሮ የ1963ቱ ሽማግሌ በዚያ ጉባኤ ላይ አይገኙም ነበር። ዕድሜ ሁሉንም ሰው እኩል አያደክምም። ለሰው አርጅተሃል ማለትም ስድብ ይመስላል፤ በእኛ ባህል ደግሞ የሚደፍረው የለም። የዘመን ገደብ ግን ስለ ሰውዬው አካልም ሆነ አእምሮ አንዳች አይናገርም። የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዙሩ አልቋል። ጎበዙም ሰነፉም፣ ወጣቱም ሽማግሌውም እኩል ይሰሙታል። ማንም አይሰደብም።

ይህ ጥበብ ከባሕር ማዶ የመጣ ብቻ አይደለም። ንጉሠ ነገሥቱ ዙፋን ላይ በነበሩበት ዘመን ሁሉ፣ በደቡብ የቦረና ኦሮሞዎች በገዳ ሥርዓት በየስምንት ዓመቱ ሥልጣን ይረካከቡ ነበር። አባ ገዳው ስምንት ዓመቱ ሲሞላ ለተከታዩ ያስረክባል፤ በየዕድሜ እርከኑም የሚሠራው ሥራ የተለየ ነው። ሥርዓቱ ሴቶችን ከሥልጣን ወንበሩ ያገለለ መሆኑ እውነት ነው። ቢሆንም ርክክብን ከአባቶቻችን ቤት ሳንወጣ መማር እንችል እንደነበር ያሳያል። ዩኔስኮ በ2016 የሰው ልጅ የማይዳሰሱ ባህላዊ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል።

የዛሬው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ለፕሬዚዳንቱ ስድስት ዓመት ሰጥቶ ከሁለት ጊዜ በላይ እንዳይመረጥ ይከለክላል። ዋናው ሥልጣን ያለው ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዘንድ ነው፤ ለእሱ ግን ገደብ አልተጻፈም። ገደቡ እንደገና የተጻፈው ሥልጣኑ በሌለበት ወንበር ላይ ነው ማለት ይቻላል። ሕግ መጻፉም ብቻውን አይበቃም። የየመን ሕገ መንግሥት ፕሬዚዳንት የሚሆን ሰው 40 ዓመት እንዲሞላውና ከሁለት ዘመን በላይ እንዳይቆይ ይላል። በ2001 ግን አምስት የነበረው ዘመን ሰባት ተደረገ። ከ1978 ጀምሮ የገዙት አሊ አብደላ ሳሌህ ሥልጣን ላይ እያሉ፣ በ2011 መጀመሪያ ገደቡን ጨርሶ የሚያነሣ ማሻሻያ ቀረበ። ሕዝቡ አደባባይ ወጣ፤ ኤደንም አብራ ወጣች። የሀሽሚ ሰዎች ይህንን ሲተርኩ በመጽሐፍ እንዳነበበ ሰው አይደለም፤ ኖረውታል።

በዚያ ዓርብ ታሪኩን ስጨርስ ቤቱ ጸጥ አለ። ስለ እማማ አንድ ቃል አልተናገርኩም። ጥቂት ቆይቶ ከሴቶቹ አንዷ ሐሳብ አቀረበች፤ ከእንግዲህ ሰብሳቢ የምትሆን ማንም ብትሆን ሁለት ዙር ብቻ ትሰብስብ፣ ደብተሩንም ሁልጊዜ ሁለት ሰው ይየው። ስም አልጠራችም። ዓይኖች ሁሉ ወደ መሬት ወረዱ። እማማ ደብተሩን ከፈቱ፤ መነጽራቸውን አድርገው በመጀመሪያው ገጽ ላይ ያንን ደንብ በገዛ እጃቸው ጻፉ። ከዚያ አጠገባቸው ለተቀመጠችው ልጅ ደብተሩን ሰጥተው፣ ስሞቹን ከነክፍያቸው አንድ በአንድ ጮክ ብላ እንድታነብ አዘዟት። ሁለት ጊዜ የተጠየቀችው ልጅ ስም ላይ ሲደርሱ አስቁመው ስሕተቱን አሳረሙ። ደብተሩ ወጣ፤ እሳቸው ግን ከቦታቸው አልተነሡም፤ ቡናውም የተቀዳው አስቀድሞ ለእሳቸው ነበር።

እናንተም በያላችሁበት ትመርጣላችሁ። የእቁብ ሰብሳቢ፣ የእድር ጸሐፊ፣ የኮሚኒቲ ሊቀ መንበር ትመርጣላችሁ። የምትመርጡ ቀን የምታበቃበትን ቀን አብራችሁ ጻፉ። ሰውየውን ወይም ሴትየዋን ስለ ጠረጠራችሁ አይሁን፤ የምታከብሩትን ሰው አንድ ቀን በግድ ከማስወረድ ለመዳን ነው። በሀሽሚው ቤት ግድግዳ ላይ ያሉት ሰው እንዲህ ያለ ቀን የተቆረጠላቸው ቢሆን፣ ምናልባት ከቤተ መንግሥቱ የወጡት በሕዝብ እልልታ ይሆን ነበር።